ደሴና ኮምቦልቻ ያላችሁ፣ የጥይት ቀለህ የሚያቀልጥላችሁ ሰው ከፈለጋችሁ እኚህን አባት ጠይቁ

ሰኞ ገበያ ገባ ብሎ የሚሠሩትን ናስ አቅላጭ አባት በአደባባይ ማመስገን ይገባል። ስማቸው ፌስቡክ ላይ እንዲወጣ አይወዱም፤ የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጠይቀኝ፣ ቦታውን እጠቁማለሁ። እጃቸው ይባረክ! የአሮጌ ቤት የበር እጀታ ተሰብሮባችሁ አምሳያው ከገበያ ከጠፋ፣ ከ2014ቱ ጦርነት በኋላ ከየግቢው የተለቀመ ቀለህም በማዳበሪያ ታስሮ ጥግ ላይ ከተቀመጠ፣ ሁለቱንም ይዛችሁ እሳቸው ዘንድ ሂዱ።

ከእሳቸው በፊት የታየው ያሳዝናል። አንዱ ጋ «የድሮ ዕቃ አይሠራም፣ በሩን ከነቁልፉ ቀይሩት» ተባለ። ሌላው ቀለሁን ሳይመዝን ተቀብሎ፣ እንደ እንጀራ ዓይን የተበሳሳ እጀታ መለሰ። የብሎኑ ቀዳዳ ከበሩ ቀዳዳ ጋር አይገጥምም። የተረፈው ናስ የት እንደገባ ሲጠየቅ «ተቃጠለ» አለ። ናስ ሲቀልጥ ይጎድላል፣ እውነት ነው፤ ከመዳቡ ጋር የተቀላቀለው ዚንክ ይተናል፣ ቀለህም ስስ ስለሆነ ከፊሉ አመድ ይሆናል። ከመቶ አምስት ወይም አስር ቢጎድል ያስኬዳል። ግማሹ ግን አይቃጠልም! ይህን የሚላችሁን ሰው ሁለተኛ አትመለሱበት።

አሁን ወደ ምስጋናው። እኚህ አባት መጀመሪያ ሚዛን አወጡ፤ ቀጥለው ከአሮጌ ስፒከር የተፈታ ማግኔት። የክላሽ ቀለህ አብዛኛው ብረት ነው፤ ላዩ መዳብ ስለተቀባ በዓይን ሲያዩት ናስ ይመስላል። ማግኔት የያዘው ሁሉ ወደ ጎን ይጣላል። ናስ ከ915 እስከ 955 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ይቀልጣል፣ ብረት ግን ከ1500 በላይ ይፈልጋል። ተደባልቆ ከገባ ብረቱ ሳይቀልጥ ይንሳፈፋል፤ ስባሪው ወደ ቅርጹ ከገባ ደግሞ ከጊዜ በኋላ በእጀታው ላይ ዝገት ሆኖ ብቅ ይላል።

ከዚያ የቀረውን አንድ በአንድ ገለበጡት። ሊመሰገኑ የሚገባው እዚህ ላይ ነው፤ ሌላ ቦታ ይህን የሚያደርግ አልታየም። የእያንዳንዱን ቀለህ ቂጥ ያያሉ። መሃል ላይ ያለችው ትንሿ ክብ ተመትታ ከጎደጎደች ተተኩሷል ማለት ነው። ካልተመታች ውስጧ ያለው መለኮሻ ገና በሕይወት አለ፤ እሳት ውስጥ ስትገባ ትፈነዳለች፣ የቀለጠውን ናስም ፊት ላይ ትረጨዋለች። ከማዳበሪያው ውስጥ አንድ እንዲህ ያለ አገኙ። ሥራውን አቁመው አጠገባቸው የሚላላኩትን ልጆች ወደ ውጭ አስወጡ፣ ቀለሁን ለብቻው አስቀመጡና «ይህን ለፖሊስ ነው የምትሰጡት፣ እቤት እንዳትመልሱት» አሉ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም፣ አልተቆጡም። ከነእርሳሱ ያለ ሙሉ ጥይት ቢገኝማ ጨርሶ አይነኩም። እናንተም ሜዳ ላይ ወድቆ ያያችሁትን የማታውቁትን ብረት አታንሱ፣ ልጆቻችሁንም አታስነሱ፤ ስለ ቀለህ ተብሎ እጅ አይቆረጥም።

በገንዘብ ይቆጠብ እንደሆነ ለሚጠይቅ፣ አዎ ይቆጠባል። የረጃጅሙ ጠመንጃ የናስ ቀለህ አንዱ 11 ግራም አካባቢ ስለሆነ 90 ያህሉ አንድ ኪሎ ይሞላል። እጀታው 300 ግራም ከሆነ መፍሰሻውንና መጋቢውን (ናሱ ወደ ቅርጹ በሚወርድበት ቦይ ውስጥ ደርቆ የሚቀረውን) ጨምሮ 500 ግራም ያህል ይቀልጣል። እኚህ አባት መፍሰሻውን ቆርጠው ከትርፉ ጋር መዝነው ይመልሳሉ። የምትከፍሉት ለከሰሉና ለእጃቸው ብቻ ነው።

«ታዲያ እቤት ለምን አናቀልጠውም?» የሚል አይጠፋም። አትሞክሩት። የቀለህ ናስ ከመቶ 70 መዳብ፣ 30 ዚንክ ነው። ዚንክ በ907 ዲግሪ ይፈላል፤ ስለዚህ ናሱ ሲቀልጥ ነጭ ጭስ ይወጣል። ያንን ጭስ የሳበ ሰው ማታ ብርድ ብርድ ይለዋል፣ ያተኩሰዋል፣ ኮምቦልቻ ያለ ሰው ወባ ነው ብሎ ይመረመራል። ወተት መጠጣት ይፈውሳል የሚባለውም ጭሱን አያስቆመውም። እሳቸው የሚሠሩት ደጅ ላይ፣ ነፋሱን ከጀርባ አድርገው ነው። መጀመሪያ ጥቂት ወፍራም ናስ ያቀልጡና ቀለሁን ቀጥቅጠው ጠፍጣፋ አድርገው ቀስ በቀስ ይጨምሩበታል፤ ላዩን በጠርሙስ ስባሪ ይሸፍኑታል። ጠርሙሱ ቀልጦ እንደ ክዳን ሲሆን ዚንኩ እንደልብ አይሸሽም። ሊያፈሱ ሲሉ ትንሽ ዚንክ ይመልሱበታል።

ርጥበት ደግሞ ሌላው ጠላት ነው፣ በተለይ በክረምት፣ የደሴ ጉም ቤት ድረስ ሲገባ። ውስጡ ጠብታ ውኃ ያለው ቀለህ የቀለጠ ናስ ላይ ከወደቀ ውኃው በቅጽበት እንፋሎት ሆኖ ናሱን ይበትነዋል። ስለዚህ ቀለሁ እሳቱ ዳር ሳይደርቅ አይገባም። ናሱ የሚፈስበት የቅርጽ አሸዋም ከመጠን በላይ ከረጠበ እጀታው ይበሳሳል፤ ያ የመጀመሪያው እጀታ የተበሳሳው በዚህ ሳይሆን አይቀርም። የአሸዋውን ድብልቅ ግን አይናገሩም፤ ብንጠይቃቸውም ሳቁ።

ከተሰበረው ጋር ጥንድ የሆነውን ደህናውን እጀታ አሸዋ ላይ አትመው ነው አምሳያውን የሚያወጡት። ናስ ሲቀዘቅዝ ከመቶ አንድ ተኩል ያህል ይሰበሰባል፤ 12 ሴንቲ ሜትር የነበረው ወደ 2 ሚሊ ሜትር ያጥራል። ቀዳዳው አብሮ ከታተመ ብሎኑ በሩ ላይ አይገጥምም። እሳቸው ቀዳዳዎቹን በሰም ደፍነው ያትማሉ፤ ናሱ ከቀዘቀዘ በኋላ በሩን ለክተው በድሪል ይበሳሉ። ገጠመ! እግዚአብሔር ይስጥልን፣ አላህ ይጨምርላቸው።

ከተረፈው ናስ የቡና ሙቀጫ ይሠራልን ተብለው ደግሞ እምቢ አሉ። ሥራ ነው፣ ገንዘብ ነው፣ ግን እምቢ አሉ። የጥይት መለኮሻ እርሳስ አለበት፣ ቅሪቱ ከቀለሁ ጋር አብሮ ይቀልጣል፤ «ለበር፣ ለቃጭል፣ ለኮርቻ ጌጥ ይሁን፣ ለአፍ አይሁን» ነው ያሉት። እንዲህ የሚል ባለሙያ ስንት አለ?

እጀታው ሲጠቁርባችሁ በሎሚና በጨው ጠረግ አድርጋችሁ ወዲያው በውኃ እጠቡት። ሎሚው ላይ ካሳደራችሁት ዚንኩ ይበላና መዳቡ ቀይ ሆኖ ይቀራል፤ ያን የሚመልሰው ብርጭቆ ወረቀት ብቻ ነው።

ሂዱ፣ አሠሩ፣ ለዘመድም ንገሩ። ደህናውን እጀታና በሩ ላይ ያሉትን የቀዳዳዎቹን ርቀት ለክታችሁ ያዙ፤ ቀለሁን አጥባችሁ፣ ፀሐይ ላይ አድርቃችሁ ውሰዱ። ሰኞ ቀን ገበያው መንገዱን ስለሚዘጋው ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ጠዋት ይሻላል፤ ከሰዓት በኋላ እሳት አያነድዱም።