የተሳቢ መብራት ገመድ በቶዮታ ሲየና ላይ፦ ኪቱ፣ ጋራዡና ግራውንዱ

እዚህ የምገመግመው ተሳቢ ለመጎተት በመኪና ላይ የሚገጠመውን የመብራት ገመድ ነው፤ በተለይም በአሜሪካ ገበያ ለየመኪናው ሞዴል ተለይቶ የሚዘጋጀውንና ለተሳቢው መብራት የሚሆነውን ኃይል በቀጥታ ከባትሪ የሚወስደውን ባለአራት ሽቦ ኪት። የተገጠመው በ2015 ቶዮታ ሲየና ላይ ነው። በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በቨርጂኒያም ሆነ በሜሪላንድ፣ ሲየና በወገኖቻችን ደጃፍ የማይታጣ መኪና ነው፤ ለሠርግና ለክርስትና ድግስ ድስት፣ ጠረጴዛና ወንበር የሚያመላልስ ቤተሰብ ደግሞ ውሎ አድሮ ተሳቢ መከራየቱ ወይም መግዛቱ አይቀርም። መኪናው እስከ 3,500 ፓውንድ፣ ማለትም ወደ 1,590 ኪሎ ግራም እንዲጎትት ተፈቅዶለታል። ዩሆል የተባለው የተሳቢና የጭነት መኪና አከራይ ድርጅት የሚያከራየው ባለ5 በ8 ጫማ ዝግ ተሳቢ ከነጭነቱ እስከ 2,700 ፓውንድ ስለሚመዝን ከዚህ ወሰን አያልፍም። መጎተቻው ብረት በብሎን ይታሰርና ያበቃል፤ ሥራው የሚበላሸውም የሚያምረውም በመብራቱ ገመድ ላይ ነው።

የኪቱን ጥቅም ለመመዘን በመጀመሪያ የአሜሪካ ተሳቢ መብራት እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። በአነስተኛ ተሳቢዎች ላይ የሚገኘው ጠፍጣፋ ሶኬት አራት ሽቦ ብቻ አለው፤ ነጩ ግራውንድ (ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪው የሚመለስበት መስመር)፣ ቡናማው የማታ መብራት፣ ቢጫው የግራ ፍሬቻና ፍሬን፣ አረንጓዴው የቀኝ ፍሬቻና ፍሬን ነው። በተሳቢው በእያንዳንዱ ጎን ፍሬንና ፍሬቻ የሚጋሩት አንድ መብራት ነው ማለት ነው፤ ሳያቋርጥ ሲበራ ፍሬን፣ ብልጭ ድርግም ሲል ፍሬቻ ይሆናል። በብዙ የጃፓን መኪኖች ላይ ግን ፍሬቻውና የፍሬን መብራቱ ለየብቻ ናቸው፤ የዚህ ሲየናም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ከመኪናው የሚመጡትን ሦስት ምልክቶች፣ ማለትም ፍሬኑን፣ የግራ ፍሬቻውንና የቀኝ ፍሬቻውን ወደ ሁለት ሽቦ የሚያዋህድ ኮንቨርተር በመካከል መግባት አለበት። አሽከርካሪው ፍሬን ረግጦ ወደ ግራ ሲያመለክት፣ የተሳቢው የቀኝ መብራት እንደበራ ጸንቶ የግራው ብቻ ብልጭ ድርግም ማለት ይኖርበታል። ይህን ሥራ የሚሠራው ከክብሪት ቀፎ ብዙም የማይበልጥ ጥቁር ሣጥን ሲሆን፣ ለኪቱ የሚከፈለው ገንዘብ በአብዛኛው የሚከፈለው ለእርሱ ነው።

በዚህ ገበያ ከርት፣ ቴኮንሻና ሆፕኪንስ የታወቁ አምራቾች ሲሆኑ፣ ምርቶቻቸው በዓላማም በአሠራርም ስለሚቀራረቡ የእኔ ግምገማ በአንድ የንግድ ስም ላይ አላተኮረም። ገዢ ሊጠይቃቸው የሚገቡት ሁለት ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው ኪቱ በፋብሪካው ሶኬቶች መካከል ገብቶ የሚሰካ ነው ወይስ የመኪናውን ሽቦ ቆርጦ ወይም ወግቶ የሚቀጠል ነው የሚለው ነው። ሁለተኛው ደግሞ ኃይሉን ከየት ይወስዳል የሚለው ነው። በአሮጌ ተሳቢዎች ላይ የተለመደው 1157 የተባለው አምፖል በፍሬኑ ክር ወደ 2.1 አምፔር፣ በማታው ክር ወደ 0.6 አምፔር ይስባል፤ በማታ መብራቱ ሽቦ ላይ የጎን ምልክቶችና የታርጋው መብራት ሲጨመሩ ደግሞ ሸክሙ ያድጋል። ከባትሪ የማይወስደው ርካሽ ኮንቨርተር ይህን ሁሉ የሚስበው የመኪናውን አምፖል ብቻ እንዲችል ታስቦ ከተዘረጋው ቀጭን ሽቦ ነው። ከባትሪ የሚወስደው ግን ከመኪናው መብራት የሚቀበለው ምልክቱን ብቻ ስለሆነ፣ በተሳቢው ላይ ሽቦ ተላልጦ ብረት ቢነካ የሚቃጠለው ፊውዙ ወይም ቢበዛ ሣጥኑ እንጂ የመኪናው ኮምፒውተር አይደለም። የዋጋው ልዩነት የአንድ ቤተሰብ የምሳ ሒሳብ ያህል በሆነበት ሁኔታ ያለ ባትሪ መስመር የሚሠራውን መግዛት በዚህ ዘመን መኪና ላይ አይመከርም።

ኪቱን መሰካት ራሱ ከተጠበቀው በላይ ቀላል ሆኖ አግኝቼዋለሁ። የኋላ መብራቶቹን የያዙት ብሎኖች ተፈትተው መብራቱ ወደ ኋላ ሲሳብ የፋብሪካው ሶኬት ይወጣል፤ የኪቱ ማገናኛ በሶኬቱና በመብራቱ መካከል ገብቶ ቀጭ እስኪል ይሰካል። ከዚያም አንዱ ገመድ በሻንጣው ወለል ሥር አልፎ ወደ ሌላኛው ጎን ይሻገራል። ማገናኛዎቹ ከፋብሪካው ጋር በትክክል ይገጥማሉ፤ የመቆለፊያ ምላሳቸውም ጠንካራ ነው። አንድም የመኪናው ሽቦ አልተነካም፤ መኪናው ሲሸጥ ሁሉንም ነቅሎ ወደ ነበረበት መመለስ ይቻላል። ቅር ያሰኘኝ የመመሪያው ወረቀት ነው፤ ሥዕሎቹ ደብዛዛ ናቸው፣ የባትሪው መስመር በየት በኩል ማለፍ እንዳለበትም በአንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነክቶ ያልፈዋል። የሥራው ዋና ክፍል ግን እዚያ ላይ ነው።

የባትሪው መስመር በዚህ ሲየና ላይ ከፊት ኮፈን ሥር ተነሥቶ እስከ ኋላ መብራቶቹ ድረስ የመኪናውን ሙሉ ርዝመት ይጓዛል። ከጭስ ማውጫው መራቅ፣ የሚንቀሳቀስ ነገር የማይነካው መሆን፣ ስለታም ብረት በሚያልፍበት ቦታ መከላከያ ቱቦ መልበስ፣ በየጥቂት ርቀቱም በፕላስቲክ ማሰሪያ መጠበቅ አለበት። ፊውዙ፣ ብዙውን ጊዜ 10 ወይም 15 አምፔር የሆነው፣ መቀመጥ ያለበት ከባትሪው አጠገብ እንጂ ከኮንቨርተሩ አጠገብ አይደለም፤ ምክንያቱም ፊውዝ የሚጠብቀው ከእርሱ በኋላ ያለውን ሽቦ ነው፤ መኪናው ሥር ተላልጦ ብረት የነካ ሽቦ ፊውዙ ከኋላ ከሆነ ያለ ጠባቂ ይቀራል፤ ከባትሪ በቀጥታ የሚመጣ ኃይል ደግሞ ሽቦውን አግሎ እሳት ለማስነሣት በቂ ነው። ይህን ክፍል የሠራልኝ በሰሜን ቨርጂኒያ አንድ አነስተኛ ጋራዥ ያለው ወጣት የመኪና ኤሌክትሪሺያን ሲሆን፣ ኮፈኑን ከፍቼ ፊውዙን ላቀብለው ስል «ጋሼ፣ እሱ መጨረሻ ላይ ነው የሚገባው፤ አሁን ኪስዎ ውስጥ ይቀመጥ» አለኝ። ልክ ነበር። ሽቦዎቹ ሁሉ ታስረው፣ ግራውንዱ ጠብቆ፣ ተፈትሾ ካበቃ በኋላ ብቻ ፊውዙ ገባ።

ከሁሉም በላይ ይህን ባለሙያ እንዳመሰግን ያደረገኝ ግን የግራውንዱ አያያዝ ነው። የተሳቢ መብራት ችግር ሲባል አብዛኛው ሰው አምፖሉን ወይም ፊውዙን ይጠረጥራል፤ በተግባር ግን ከሚያጋጥሙት ብልሽቶች ብዙዎቹ ከነጩ ሽቦ የሚመጡ ናቸው። ግራውንዱ ሲላላ ወይም ሲዝግ ኤሌክትሪኩ የመመለሻ መንገድ ስለሚያጣ በሌላው አምፖል ክር በኩል ለመመለስ ይሞክራል፤ ከዚያ በኋላ ነው ፍሬቻ ሲበራ የማታው መብራት አብሮ የሚርገበገበው፣ ፍሬን ሲረገጥ ሁሉም የሚደበዝዘው። አንዳንድ ተሳቢ ደግሞ ነጩ ሽቦ ተበጥሶበት እንኳ በመጎተቻው ኳስ ብረት በኩል ግራውንድ እያገኘ አልፎ አልፎ ይሠራል፤ ቆሞ ሲፈተሽ ይበራል፣ መንገድ ላይ ሲነቃነቅ ይጠፋል። ኤሌክትሪሺያኑ ቀለሙ በተቀባበት ብረት ላይ ብሎኑን ዝም ብሎ አላሰረም፤ ቀለሙን እስከ ንጹሕ ብረቱ ፍቆ፣ ጥርስ ያለው ዋሸር ከሥሩ አድርጎ አጠበቀው፣ ከዚያም ዝገት እንዳይገባው ግራሶ ቀባው። በዚህ አካባቢ በክረምት መንገዱ ላይ ጨው ስለሚበተን ይህ ጥንቃቄ ቅንጦት አይደለም። ገንዘቡን በተመለከተ፣ ኪቱ ከ100 ዶላር በታች ሲሆን የእጅ ዋጋው ከኪቱ ይበልጣል። ይህ የሚያስቆጭ አይመስለኝም፤ ማገናኛውን ማንኛውም ካቻቢቴ የሚይዝ ሰው ሊሰካው ይችላል፣ የሚከፈለው ለባትሪው መስመርና ለግራውንዱ ነው።

ለማነጻጸር ያህል፣ አንድ ወዳጄ ስሙን በማልጠቅሰው ሌላ ቦታ ያሠራውን ገመድ ተመልክቻለሁ። ሽቦውን በሚወጋ ርካሽ መቆንጠጫ ተቀጥሎ በናስትሮ ተጠቅልሏል። እንዲህ ያለው መቆንጠጫ የሽቦውን ጥቂት ክሮች ቆርጦ፣ ለውሃና ለጨው በር ከፍቶ ይተወዋል። ሲሠራ በርቶ ተረክቦታል፤ ከአንድ ክረምት በኋላ ግን የቀኙ ፍሬን ጠፋ፣ ናስትሮው ሲፈታም መዳቡ አረንጓዴ ሆኖ ተገኘ። ጋራዥ የሚመርጥ ሰው መጠየቅ ያለበት «ስንት ነው?» ከማለቱ በፊት «የመኪናውን ሽቦ ትነካለህ?» ብሎ ነው።

በአገልግሎት ላይ ኪቱ እስካሁን እንከን አልታየበትም። ተሳቢው ሲያያዝ የመኪናው ፍሬቻ ፍጥነቱ አይለወጥም፤ መኪናው የተሳቢውን አምፖሎች ጨርሶ ስለማያያቸው። ይህ ግን ሌላ ገጽ አለው፤ የተሳቢው አምፖል ቢቃጠልም ዳሽቦርዱ ላይ ምንም ምልክት አይመጣም። ስለዚህ ከመነሣት በፊት አንድ ሰው ፍሬን እየረገጠ ሌላው ከኋላ ሆኖ መመልከቱ ግዴታ ነው፤ ብቻውን የሚጓዝ ሰው በጥቂት ዶላር የሚሸጠውን ባለአራት መብራት መሞከሪያ ሶኬቱ ላይ ሰክቶ ቢያንስ ችግሩ ከመኪናው ይሁን ከተሳቢው ሊለይ ይችላል።

ስለ ሽቦ ቀለም አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። በጀርመንና በስዊድን ያሉ ዘመዶቻችን ካራቫን የሚጎትቱት በባለ13 ፒን ሶኬት ሲሆን፣ እዚያ ፍሬንና ፍሬቻ በየራሳቸው ሽቦ ስለሚሄዱ የሚዋሃድ ነገር የለም፤ ለካራቫኑ ባትሪና ፍሪጅ የሚሆን ኃይልም በዚያው ሶኬት ያልፋል። በአንጻሩ እዚያ አዳዲስ መኪኖች ተሳቢ መያያዙን እንዲያውቁ የሶኬቱ መገጠም በኮምፒውተራቸው መመዝገብ አለበት፤ ያኔ የኋላ ፓርኪንግ ሴንሰሩ በተሳቢው ምክንያት መጮኹን ያቆማል። ቢጫና አረንጓዴ በሁለቱም አህጉር የግራና የቀኝ ፍሬቻ መሆናቸው ሰውን ያዘናጋል፤ ምክንያቱም በአውሮፓ ቡናማው የቀኙ የማታ መብራት ብቻ ነው (የግራው ጥቁር ነው)፤ ሰማያዊው ደግሞ እዚያ የኋላ ጉም መብራት ሲሆን በአሜሪካው ባለሰባት ሶኬት ላይ የተሳቢው ኤሌክትሪክ ፍሬን ነው። ከዚያ ወደዚህ የመጣ ተሳቢ ቢያጋጥም በቀለም ሳይሆን በቴስተር እየፈተሹ ማገናኘት ያስፈልጋል። ከጅቡቲ መንገድ የምናውቃቸው ትልልቅ ተሳቢዎች ደግሞ የሚሠሩት በ24 ቮልት ስለሆነ የእነርሱ ዕቃ ለዚህ ጨርሶ አይሆንም።

ኪቱ ለማን እንደማይሆን መግለጽም ተገቢ ነው። አራቱ ሽቦዎች መብራት እንጂ ፍሬን አይሸከሙም። በብዙ ግዛቶች ክብደቱ 3,000 ፓውንድ ሲደርስ ተሳቢው የራሱ ፍሬን እንዲኖረው ሕግ ያስገድዳል፤ በካሊፎርኒያ ወሰኑ 1,500 ፓውንድ ነው። የዩሆል ከባድ ተሳቢዎች ተሳቢው ወደ መኪናው ሲገፋ በራሱ የሚሠራ ፍሬን ስላላቸው አራቱ ሽቦዎች ይበቋቸዋል፤ ኤሌክትሪክ ፍሬን ያለው የግል ተሳቢ ወይም ካራቫን ግን ባለሰባት ሶኬት፣ ከሹፌሩ አጠገብ የሚቀመጥ የፍሬን መቆጣጠሪያና ለእርሱም ሌላ ወፍራም የባትሪ መስመር ይፈልጋል። እንዲህ ያለ ዕቅድ ያለው ሰው አሁን ባለአራቱን ገዝቶ በኋላ ሁለተኛ መስመር ከሚያስዘረጋ፣ ከመጀመሪያው ለባለሰባት የሚበቃ ወፍራም ሽቦ ቢያስገባ የእጅ ዋጋውን አንድ ጊዜ ብቻ ይከፍላል።

ለኪቱ ከአምስት ነጥብ አራቱን ብቻ የሰጠሁት በመመሪያው ወረቀትና በሶኬቱ አቀማመጥ ምክንያት ነው። ጠፍጣፋው ሶኬት በማይሠራበት ጊዜ ሻንጣው ውስጥ ተጠቅልሎ ይቀመጣል፤ ተሳቢ ሲያያዝ የኋላው በር ተከፍቶ ገመዱ ከበሩ ጎማ ሥር ይወጣል። ይህ ከጨውና ከጭቃ ያድነዋል፤ ነገር ግን በሩ በመቆለፊያው በኩል ቢዘጋበት ገመዱን ይቆነጥጠዋል፤ ስለዚህ ከመቆለፊያው ራቅ አድርጎ፣ በማእዘኑ አቅራቢያ ማውጣት ይሻላል። ሶኬቱን ከፓራውልቱ ሥር በቋሚነት ማሰር የሚፈልግ ሰው ክዳን ያለው መያዣ ለብቻው መግዛት ይኖርበታል፤ ከኪቱ ጋር አይመጣም።