የወንድሜን ጥሩር ላቆሙልን ጫማ ሰሪ፤ ምስጋናም ጥቆማም

ይህን ጽሑፍ ከኮንቬንሽኑ፣ የጌም ገጸ ባሕርያትን ልብስ የለበሱ ሰዎች ከሚሰባሰቡበት ዝግጅት፣ ማግስት ጀምሮ ልጽፈው እያልኩ ቆየሁ። ዛሬ ግን ሳልጽፈው አላድርም። የጌም ጥሩር፣ ማለትም የጌም ጀግኖች የሚለብሱትን የጦር ልብስ፣ በቤታችሁ የምትሠሩ፣ ማሰሪያው አልይዝ ጫማው አልረገጥ ብሏችሁ የተጨነቃችሁ ሰዎች በተለይ አንብቡልኝ። እኛን ከጭንቅ ያወጡን አንድ ጫማ ሰሪ ናቸው። ስማቸውን በአደባባይ እንዳልጽፍ ስለለመኑኝ እዚህ ጋሼ እያልኩ ነው የምጠራቸው። ቤት ውስጥም አሁን እንደዚያው ነው የምንላቸው።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። እኔና ታናሽ ወንድሜ ሄይሎ የሚባለውን የቪዲዮ ጌም እየተጫወትን ነው ያደግነው። የመጀመሪያው ጌም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2001 የወጣ ነው። እኛ እጅ የገባው አርጅቶ፣ ዲስኩ ተጫጭሮ ነው። ስክሪኑን ለሁለት ከፍለን ጎን ለጎን ተቀምጠን እንጫወት ነበር። ወንድሜ ሲወለድ ጀምሮ ግራ እግሩ ከቀኙ ያጥራል። ሰፈር ውስጥ ልጆች ሲሯሯጡ እሱ ዳር ላይ ይቀመጣል። ጌሙ ውስጥ ግን ሁለታችንም የጀግናውን የማስተር ቺፍን ያን አረንጓዴ ጥሩር፣ ያን ወርቃማ የፊት መስታወት ለብሰን እኩል እንሮጥ ነበር። አንዳንዴ እንዲያውም ይቀድመኝና ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። እናም ዘንድሮ «ማስተር ቺፍን ሆኜ ኮንቬንሽን ልሄድ ነው» ሲለኝ፣ ለምን ብዬ አልጠየቅሁትም። ገብቶኛል።

ሥራው ሰባት ወር ፈጀ። ፔፓኩራ የሚባል ፕሮግራም አለ። የጌሙን ጥሩር ቅርጽ ዘርግቶ ጠፍጣፋ ያደርገዋል፤ በወረቀት ታትሞ ይቆረጣል። ወረቀቱን ፎም የሚባል ስፖንጅ መሰል ቀላል ንጣፍ ላይ አስቀምጠን ዙሪያውን በእስክሪብቶ እናሰምራለን። ለደረትና ለጀርባ 10 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው፣ ለክንድ 5፣ ለጌጡ መስመር 2 ሚሊሜትር። ምላጭ ቶሎ ይደነዝዛል። የደነዘዘ ምላጭ ደግሞ ፎሙን ይቦጫጭቀዋል እንጂ አይቆርጠውም፤ ስንት ቁራጭ እንደጣልን እኔ ነኝ የማውቀው። ሙቅ አየር ሲነፋበት ፎሙ ይለሰልሳል። ያኔ ጉልበታችን ላይ አጉብጠን እስኪቀዘቅዝ እንይዘዋለን፤ ቅርጹን ይዞ ይቀራል። 405ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር የሚባል የሄይሎ ጥሩር ሠሪዎች ስብስብ አለ፤ እነሱ የጻፉትን ሌሊት ሌሊት እያነበብን ነው ብዙውን የተማርነው። ሄልሜቱን ወንድሜ ብቻውን ጨረሰው። መስታወቱ በትንፋሽ እንዳይጉም ከኮምፒውተር የወጣች ትንሽ ማራገቢያ ውስጡ ገጠመለት። ያን ቀን የነበረውን ፊት አልረሳውም።

ችግሩ የመጣው ሁሉም ቁራጭ አንድ ላይ ሲለበስ ነው። ፎም ቀላል ነው ይባላል፤ እውነት ነው። ግን የሆነ ነገር ላይ መንጠልጠል አለበት። የጭኑ ጥሩር በየእርምጃው ይንሸራተታል። ደረቱ ወደ አንድ ወገን ይንጋደዳል። የለጠፍነው ሁሉ ትንሽ ከሞቀ አፉን ይከፍታል። ቡቶቹ ደግሞ የባሰባቸው ነበሩ፤ ለስላሳ ወለል ላይ ያንሸራትታሉ፣ ወንድሜም ሁለት ጊዜ ሊወድቅ ለጥቂት ተርፏል።

ስለዚህ ባለሙያ ፍለጋ ወጣን። እዚህ ላይ ሆዴ አሁንም ይቃጠላል፣ ይቅር በሉኝ። የመጀመሪያው ሰው ቀብድ ተቀብሎ የደረቱን ጥሩር አምስት ሳምንት አስቀመጠው። ስንደውል አያነሳም። ስንሄድ «ነገ» ነው። በመጨረሻ ሲመልስልን ማሰሪያውን በሚቀልጥ ፕላስቲክ ለጥፎት፣ ትከሻው ላይ ደግሞ የተቃጠለ ቀዳዳ ነበረው። ይቅርታ እንኳን አላለም። ቡት በኢንተርኔት ያዘዝንበት ሌላ ሻጭ ልክ ያልሆነ ጫማ ልኮ ገንዘባችንን በልቶ ቀረ።

ከሁሉ የከፋው ግን ሦስተኛው ቦታ ነው። ቡቶቹን ይዘን ገባን። አንዱ ሠራተኛ አገላብጦ አየና «ይሄ የሕፃን መጫወቻ ነው፤ እኛ ሥራ አለን» አለን። እሺ፣ እሱስ ይሁን። ልንወጣ ስንል ግን ሌላኛው የወንድሜን አረማመድ እያስመሰለ ለጓደኞቹ አሳየ። ሳቁ። ወንድሜ በሱቁ መስታወት አየው። መንገድ ሙሉ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ቤት ስንደርስ ቡቶቹን አልጋው ሥር ወሸቃቸውና «ይቅር፣ አልሄድም» አለኝ። ዘጠኝ ቀን ነበር የቀረን። እኔ ሽንት ቤት ገብቼ በሩን ዘግቼ አለቀስኩ።

በማግስቱ አንዲት ጥሩር የምትሠራ ልጅ ጭንቀቴን ሰምታ ወደ ጋሼ መራችኝ። «ፎሙ እኮ የሰንደል ሶል ነው። ከጫማ ሰሪ በላይ የሚያውቀው የለም» አለችኝ። ወንድሜን በስንት ልመና አስነስቼ ወሰድኩት።

ጋሼ የደረቱን ጥሩር ተቀብለው በአውራ ጣታቸው ጥፍር ጫን አሉት። ጥፍሩ የተወው ምልክት ቀስ ብሎ ሲጠፋ አዩና «ይሄማ የኛው ነው» አሉ። ከዚያ የተከፈተውን ስፌት አዩ።

«ማነው የለጠፈው?»

«እኔ ነኝ ጋሼ።»

«ማስቲሹ ሳይደርቅ ነው ያጋጠምሽው። ቸኩለሻል ልጄ።»

ቁጣ የለበትም። መስኮቱን ከፈቱ፤ ሽታው ራስ ስለሚያዞር ሁልጊዜ እንደሱ ያደርጋሉ። ሁለት ቁራጭ ወስደው ሁለቱንም ፊት ስስ አድርገው ቀቡ። ብዙዎቻችን አንዱን ፊት ብቻ ወፍራም አድርገን ቀብተን እንጣበቅ ብለን እንታገላለን። እሳቸው ቀብተው አስቀመጡትና ስለ ሌላ ነገር አወሩን። ከቆይታ በኋላ በጣታቸው ጀርባ ነካ አደረጉት። ጣታቸው ላይ ምንም አልያዘም። «አሁን» አሉ። ጫፍና ጫፉን አስተካክለው አንዴ ገጠሙት፣ በመዶሻ ጀርባ ቸብ ቸብ አደረጉና «በይ ሳቢው» ብለው ሰጡኝ። ባለ በሌለ ኃይሌ ሳብኩት። አልተላቀቀም። ሰባት ወር ያልገባኝን ነገር በዚያች ሰዓት አየሁት።

አሁን የምነግራችሁ ነገር ነው ይሄን ሁሉ ያስጻፈኝ።

ወንድሜን «ልበሰውና እስቲ ወዲያ ወዲህ በል» አሉት። ለበሰ። ሦስት አራት እርምጃ ሄደ። ያ የሳቀው ሰው ትዝ ብሎኝ ልቤ ተሰቀለ። ጋሼ ግን ዓይናቸው በሩ አጠገብ አውልቆ ካስቀመጠው የዘወትር ጫማው ላይ ሄደ። ተነሥተው የግራውን አነሡ። ገለበጡት። ሐኪም ባዘዘው ልክ የተጨመረውን ሶል በአውራ ጣትና በሌባ ጣታቸው መሐል ያዙት። ከዚያ የጥሩሩን የግራ ቡት አምጥተው ጎን ለጎን አስቀመጧቸው።

«እነዚህ ሁለቱ እኩል መሆን አለባቸው» አሉ።

ይኸው ነው። እግሩን አላነሡም። ምን ሆኖ ነው ብለው አልጠየቁም። አላዘኑለትም፣ አልመከሩትም። ወሬው ሁሉ ስለ ጫማ ሆኖ አለቀ። ወንድሜ ቀና ብሎ አያቸው፤ እኔ ደግሞ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

አያችሁ፣ እኛ የራሱን፣ የደረቱን፣ የክንዱን ልክ ስንት ጊዜ ወስደናል። ቡቱን ግን ወረቀቱ ላይ እንዳለው ሁለቱንም እኩል አድርገን ሠራነው። በየቀኑ የማየውን የወንድሜን ጫማ ረሳሁት። ደረቱ የሚንጋደደው፣ የጭኑ ጥሩር የሚንሸራተተው ለካ ከታች ጀምሮ ነው። ጋሼ «መጀመሪያ ከታች፣ ማሰሪያው ከዚያ» ብለው ከግራው ቡት ውስጥ በፎም ላይ ፎም ደራርበው ልኩን አመጡት። ከውጭ ሲታይ ሁለቱም አንድ ናቸው። ሥራቸው የማይታየው ውስጥ ነው ያለው። ከሥር ደግሞ የማያንሸራትት ጎማ ለጠፉላቸው።

ማሰሪያውን እንዴት እንደሠሩት ብትጠይቁኝ በቅጡ አላስረዳችሁም። ከደረቱ ሥር ትከሻ ላይ የሚያርፍ ነገር ሰፉ፤ የጭኑ ጥሩር ከወገብ ቀበቶ ላይ ተንጠለጠለ። ክሩ እንዴት እንደዞረ እስካሁን አይገባኝም። አንድ ነገር ግን ገብቶኛል። ሊሰፉ ሲሉ ቆም ብለው «ሲደክመው ማን ያወልቅለታል?» አሉኝ። «እኔ» አልኳቸው። «አንቺ ከሌለሽስ?» አሉና ከጀርባ የነበሩትን ዘለበቶች በሙሉ ወደ ፊት አመጧቸው። ወንድሜ ብቻውን እንዲለብስ፣ ብቻውን እንዲያወልቅ። እዚያው አስቀምጠው፣ አስነሥተው፣ ደረጃ አስወጥተው፣ የሚፈትገውን ቦታ በጠመኔ ምልክት እያደረጉ ሦስት ጊዜ አስለበሱት። ሦስት ጊዜ! ሌላው ቦታ አንዴ እንኳን ዞር ብሎ ያየን አልነበረም።

ሒሳብ ስንጠይቅ የማሰሪያውንና የጎማውን ብቻ ነገሩን። የግራውን ቡትስ ስላቸው «እሱማ ልክ ማስተካከል ነው» ብለው እምቢ አሉ። ስንወጣ ወስፌና ሰም የተቀባ ክር በትንሽ ቆርቆሮ አድርገው ሰጡኝ፤ «መንገድ ላይ ቢፈታ» ብለው።

የኮንቬንሽኑ ቀን በር ላይ የፎም ጠመንጃውን ፈትሸው ምልክት አሰሩበትና ገባን። ወንድሜ ከጠዋት እስከ ማታ ሄደ። ደረጃ ወጣ፣ ወረደ። ደረቱ አልተንጋደደም። አንድም ስፌት አልተከፈተም። የሄይሎ ጥሩር የለበሱ ሁሉ ተሰልፈው ፎቶ ሲነሡ እሱ መሐል ላይ ነበር፣ ቀጥ ብሎ። ሰልፉ ሲነቃነቅ አብሯቸው ተነቃነቀ። እኔ ከኋላ ቦርሳ ይዤ እየተከተልኩ፣ አንዴ ቆሞ እስክደርስ ጠበቀኝ። ልክ እንደ ድሮው። ያን የክር ቆርቆሮም ተጠቀምኩበት፤ የሌላ ልጅ የትከሻ ማሰሪያ ተበጥሶባት ስታለቅስ አግኝቼ እዚያው ሰፋሁላት።

ጋሼ፣ ይህን ልጆችዎ ያነቡልዎታል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። እግዜር ይስጥልን። እጅዎ አይንጠፍ። ለወንድሜ ያደረጉለትን እርስዎ እንደ ቀላል ነገር ነው ያዩት፤ ለእኛ ግን ቀላል አይደለም። የጥሩሩን ቡት ከአልጋ ሥር አውጥቶ አሁን መደርደሪያ ላይ ነው ያስቀመጠው።

እናንተ ደግሞ፣ እባካችሁ፣ እባካችሁ፣ ሥራችሁን ለማንም ቀብድ ተቀባይ አትስጡ። ጋሼ ጋ ሂዱ። ለጥሩር ብቻ አይደለም፤ ለቦርሳ፣ ለቀበቶ፣ ለሚያማችሁ ጫማ ሁሉ ሂዱ። አድራሻቸውን ለሚፈልግ በውስጥ መስመር እሰጣለሁ፤ ፈቅደውልኛል። ግን ቀኑ ሲደርስ አትሂዱባቸው፤ ብቻቸውን ነው የሚሠሩት፣ ሥራ ደግሞ አይቸኩሉም። ቢያንስ ሁለት ሳምንት ስጧቸው። ቁራጮቹን ሁሉ አንድ ላይ ይዛችሁ ሂዱ፣ ከሥር የምትለብሱትን ልብስም ጭምር። የዘወትር ጫማችሁንም አድርጋችሁ ሂዱ፤ መጀመሪያ የሚያዩት እሱን ነው።