«ሙሉ የተጓዥ ጥቅል» የሚሏችሁን እንዳትገዙ

ለግንቦት 12 ወይም ለነሐሴ 24 በእግር ወደ ደብረ ሊባኖስ ለመሄድ ያሰባችሁ ሁሉ፣ ብር ከማውጣታችሁ በፊት ይቺን አንብቡልኝ።

ባለፈው ግንቦት ልንነሳ ሦስት ቀን ሲቀረን አዲሱ ገበያ አካባቢ አንድ ሱቅ ገባሁ። የፈለግኩት የዝናብ ልብስ ብቻ ነበር። ሻጩ ግን «ለተጓዥ የተዘጋጀ ሙሉ ጥቅል አለን» አለኝ። ትልቅ የጀርባ ቦርሳ፣ የሚጠቀለል ፍራሽ፣ ብርድ ልብስ፣ ትንሽ የጋዝ ምድጃ ከነድስቷ፣ ባትሪና ጫማ። 6,500 ብር። «ለየብቻ ብትገዢው እጥፍ ያወጣሻል» ሲለኝ አመንኩት። ደረሰኝ ስጠይቀው «ያለ ደረሰኝ ስለሆነ እኮ ነው የቀነስኩልሽ» አለኝ። ዝም አልኩ። ዋናው ስህተቴ ይሄ ነበር።

ቦርሳውን ያሸከመኝ ባዶውን ነው። ባዶውን የማይመች ቦርሳ ደግሞ የለም።

እንጦጦን አልፈን ሱሉልታ ስንደርስ ትከሻዬ ተቃጠለ። አንድ ወፍጮ ቤት አስፈቅደን ሚዛን ላይ አወጣነው፤ 14 ኪሎ! እኔ ራሴ 56 ኪሎ ነኝ። ስፔን ውስጥ ወደ ሳንቲያጎ በእግራቸው የሚጓዙ ሰዎች ሸክም ከሰውነት ክብደት አንድ አስረኛ እንዳያልፍ ይመክራሉ። በዚያ ስሌት ለእኔ 6 ኪሎም ብዙ ነው። መንገዱ ደግሞ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

ጫንጮ ሳንገባ የግራው ማንገቻ ከስፌቱ ተገነጠለ። «ውሃ አያስገባም» የተባለው ቦርሳ በአንድ ዝናብ ራሰ። ብርድ ልብሱ ውሃ ጠጥቶ ሸክሙ ባሰብኝ። አዲሱ ጫማ ተረከዜን ውሃ አስቋጠረው፤ በማግስቱ ደግሞ ሶሉ ተላቀቀ። ምድጃዋን አንድ ቀን እንኳ አላበራኋትም፤ በየከተማው ሻይ ቤት አለ።

አብረውን የሚሄዱ አንዲት እናት ነበሩ። የያዙት ጋቢ፣ መቋሚያ፣ አንድ ሃይላንድ ውሃ፣ በጨርቅ የተቋጠረ በሶና ዳቦ ቆሎ ነው። «ልጄ፣ ይሄ ሁሉ ለምንሽ ነው?» አሉኝና ከስንቃቸው አካፈሉኝ። በሶ በውሃ ጨብጦ መብላት እሳትም ድስትም አይፈልግም። ሌሊቱ ቀዝቃዛ ቢሆንም ጋቢያቸው በቅቷቸዋል።

ስመለስ ዕቃውን ይዤ ሱቁ ሄድኩ። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» አለኝ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ግን ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል ይላል። እኔ ከእሱ መግዛቴን በምን ላሳይ? ደረሰኝ የለኝም።

እባካችሁ በጥቅል አትግዙ። የጎደላችሁን አንድ ዕቃ ብቻ ግዙ። ቦርሳ ካስፈለጋችሁ ትንሹን ምረጡ፤ እዚያው ሱቅ ውስጥ ዕቃ ሞልታችሁ ተሸከሙት፣ ማንገቻውን በደንብ ጎትቱት፣ ዚፑን ደጋግማችሁ ክፈቱ ዝጉ። ሻጩ ይሄን ከከለከላችሁ ጥላችሁ ውጡ። ለዝናቡ ልብሳችሁን በፌስታል ቋጥራችሁ ቦርሳው ውስጥ ክተቱ። እግራችሁ የለመደውን ጫማ አድርጉ፤ ለጉዞ ብላችሁ አዲስ አትግዙ።

ጥቅሉን ቀድማችሁ የገዛችሁ ካላችሁ፣ ዛሬውኑ ሞልታችሁ ሰፈራችሁ ውስጥ አንድ ሰዓት ተጓዙበት። ስፌቱ ከለቀቀ 15 ቀን ሳይሞላ ከነደረሰኙ መልሱት።