ዙም የሌለው ሌንሴ ከ14 ወር በኋላ

እናቴ በሕይወቷ በተነሳቻቸው ፎቶዎች ሁሉ ለማለት ይቻላል ዐይኗን ጨፍናለች። የእኔ ክርስትና ላይ፣ የእህቴ ሰርግ ላይ፣ የምርቃቴ ዕለት ጋውን ለብሼ አጠገቧ የቆምኩበት ፎቶ ላይ ሳይቀር። ፍላሹ ቦግ ሲል እሷ ጨፈን ታደርጋለች። ከብዙ ዓመት ጀምሮ «እኔ ፎቶ አይወጣልኝም» ብላ ደምድማለች። ካሜራ ሲወጣ ቡና ላቅርብ ብላ የምትነሳው እሷ ናት።

ከሦስት ሳምንት በፊት ግን ዐይኗን ገልጣ ወጣች። ይህን ያስጻፈኝ ያ ፎቶ ነው።

ያን ያነሳሁበት ሌንስ የካኖን 50 ሚሊ ሜትር 1.8 ነው (50ው ምን ያህል እንደሚያቀርብ፣ 1.8ቱ ብርሃን የሚያስገባው ቀዳዳ ምን ያህል እንደሚከፈት ይናገራል)፤ በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣው፣ ኤስቲኤም የሚባለው። ክብደቱ 160 ግራም ብቻ ነው። ያገለገለ ነው የገዛሁት። በስልክ መብራት ውስጡን አይቼ ሻጋታና ጭረት እንደሌለው ካረጋገጥኩ በኋላ ከፈልኩ። ካለፈው ዓመት ሰኔ ጀምሮ ከካሜራዬ ላይ ያወረድኩበት ቀን ጥቂት ነው። ፎቶ አንሺ አይደለሁም፤ እንጀራዬ ሒሳብ ሥራ ነው። እረፍት ሳገኝ፣ መንገድ ስወጣ፣ ለራሴ አነሳለሁ።

ስገዛው ሻጩ ከልቡ ሊያስጥለኝ ሞክሯል። «ወንድሜ፣ ዙም የለውም እኮ! ለጉዞ ከሆነ 18-200 ውሰድ፣ ሁሉንም ያመጣልሃል። ይሄ ስቱዲዮ ላላቸው ነው» አለኝ። ያ ያለው፣ ከ18 እስከ 200 የሚሄደው ዙም ሌንስ ዋጋው ብዙ እጥፍ ነበር። የእኔ አቅም እስከዚች ትንሿ ድረስ ነው። እውነቱን ለመናገር ከሱቁ ስወጣ ልቤ አልሞላም። ስድስት ወር ያህል እሱ ልክ ነው፣ ተሳስቻለሁ እያልኩ ነው የያዝኩት።

ሐሳቤን ያስቀየረኝ ላሊበላ ነው። ለገና ሄጄ ነበር። ቤተ ማርያም ላይ ካህናቱ ግማሾቹ ከላይ ዐለቱ ጫፍ ላይ፣ ግማሾቹ ከታች ግቢው ውስጥ ሆነው ቤዛ ኩሉ ሲሉ ማየት በቃል የሚገለጽ አይደለም። እሱን ማንም በስልኩም ያነሳዋል፤ ፀሐይ አለ። እኔ የምለው ከሕዝቡ ግርግር በኋላ ስላለው ነው። በማግስቱ ማለዳ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ገባሁ። ብርሃን የሚባለው በመስኮቶቹ የሚገባው ብቻ ነው። ግድግዳውና ጣሪያው ላይ ያሉት ሥዕሎች ዐይን ጨለማውን እስኪለምድ አይታዩም። ቄሰ ገበዙን አስፈቀድኩ። «ፍላሽ እንዳታበራ እንጂ አንሳ» አሉኝ።

አንዲት እማሆይ መስኮቱ ሥር ተቀምጠው ዳዊት ይደግማሉ። ጠጋ ብዬ፣ ጎንበስ ብዬ፣ «እማሆይ፣ ላንሳዎት?» አልኳቸው። «ቆይ ልጄ፣ ልጨርስ» አሉኝ። ሃያ ደቂቃ ያህል አጠገባቸው ቁጭ አልኩ። ሲጨርሱ መጽሐፉን ከደኑና ቀና ብለው «በል አሁን» አሉኝ። በ1.8 ከፍቼ፣ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 1600፣ በ1/60 ሰከንድ አነሳኋቸው። የፊታቸው መስመር አንድ በአንድ ይታያል።

እስቲ ከዚያ ሻጭ ጋር ሒሳብ እንሥራ፤ ሥራዬም ነው። ከካሜራዬ ጋር የመጣው 18-55 ሌንስ እዚያው 50 ላይ ሲደርስ ከ5.6 በላይ አይከፈትም። ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል። 1.8 ከ5.6 ጋር ሲነጻጸር ወደ አሥር እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል። ስለዚህ ያንኑ ፎቶ በዚያኛው ሌንስ ባነሳ 1/60 የነበረው ወደ 1/6 ሰከንድ ይወርድ ነበር። በ1/6 ሰከንድ የእኔም እጅ ይንቀጠቀጣል፣ እማሆይም ይተነፍሳሉ። ፎቶው ደብዛዛ ነው የሚሆነው። ወንድሜ፣ «ሁሉንም ያመጣልሃል» ያልከኝ ሌንስ እዚያ ጨለማ ውስጥ ምን ያመጣልኝ ነበር?

ደግሞ ሌላ ነገር አለ፤ ለእኔ ይኼኛው ይበልጣል። 200 ድረስ የሚሄድ ዙም ይዤ ቢሆን እማሆይን በር ላይ ቆሜ ስቤ አነሳቸውና እወጣ ነበር። አላስፈቅድም። አጠገባቸውም አልቀመጥም። ራሴን ስለማውቀው ነው፤ ዐይን አፋር ነኝ፣ ሰው መጠየቅ ይከብደኛል። ይቺ ሌንስ ግን ካልቀረብኩ አትሠራልኝም። በ14 ወር ውስጥ ሊስትሮ፣ ጉልት ቸርቻሪ፣ ዘበኛ፣ የታክሲ ረዳት «ላንሳህ? ላንሳሽ?» ያልኩትን ያህል በዕድሜዬ ሁሉ ብዬ አላውቅም። እምቢ ያሉኝም አሉ። እሺ ብዬ አልፋለሁ።

የማትሆንበት ቦታ አለ፣ አልደብቅም። የእኔ ካሜራ ሴንሰሩ (ምስሉን የሚቀበለው ክፍል) ትንሽ ስለሆነ 50ው እንደ 80 አቅርቦ ነው የሚያሳየው። ቤተ ጊዮርጊስን ከጉድጓዱ አፋፍ ላይ ሆኜ መስቀሉን ሙሉ ላስገባው ብል አልገባልኝም፤ በስልኬ አነሳሁት። ሐረር ደግሞ ጀጎል ውስጥ፣ መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ላይ፣ ልብስ ሰፊዎቹን ላነሳ ወደ ኋላ ስል ግድግዳው ጀርባዬን ያዘኝ። መንገዱን ከነሰዉ ማንሳት ለሚፈልግ ሐረር ላይ ይቺ አትበቃም። እኔ የሰፊዎቹን እጅና የስፌት መኪናዎቹን መርፌ ይዤ ተመለስኩ። አልከፋኝም።

1.8 ላይ ፎከስም ይፈትናል። ሰውየው አንድ ሜትር ላይ ካለ ጥርት ብሎ የሚወጣው ሦስት ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ያነሳኋቸው ሰዎች አፍንጫቸው ጥርት ብሎ ዐይናቸው ደብዛዛ ነበር። አሁን የፎከስ ነጥቡን ራሴ መርጬ ቅርብ ያለው ዐይን ላይ አሳርፋለሁ። ብርሃን ካለ እስከ 2.8 እዘጋዋለሁ። ሌላው ሁሉ ደህና ነው።

አሁን ወደ እናቴ ልመለስ።

ነሐሴ ነው፣ ከሰዓት፣ ዝናብ ከባድ ነው። መብራት ጠፍቷል። እማዬ ማድ ቤት መስኮቱ ጋ ዱካ ላይ ተቀምጣ ሰፌድ ላይ ምስር ትለቅማለች። እኔ በር ላይ ቆሜ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ እህቴ ልጅ ትምህርት ቤት እናወራለን። ካሜራዋ አንገቴ ላይ ነበረች። ሁለት እርምጃ ጠጋ አልኩ። እሷ ለምዳኛለች፣ ወሬዋን አላቆመችም። ፍላሽ የለም፣ ቦግ የሚል ነገር የለም። የሆነ ነገር ጠይቃኝ መልሴን ስትጠብቅ ቀና አለች። ተጫንኩት።

ማታ መብራት ሲመጣ ኮምፒውተር ላይ ከፈትኩት። የግራ ዐይኗ ውስጥ መስኮቱ ከነፍርግርጉ ይታያል። ሰፌዱ ደብዘዝ ብሏል፣ ጀርባዋ ያለው የተጠላሸ ግድግዳ ጠፍቷል። የቀረችው እሷ ብቻ ናት፤ ስታዳምጠኝ የምታየኝ አስተያየት። ይህን አስተያየት በየቀኑ አየዋለሁ። ፎቶ ላይ ግን አይቼው አላውቅም ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ የቤታችንን አልበም ሳገላብጥ ያላገኘኋት እናቴ ይቺ ናት።

ጠርቼ አሳየኋት። መነጽሯን አምጥታ ብዙ ቆየች። «ዐይኔ እንዲህ ነው እንዴ?» አለች። ከዚያ «አሳጥበህ አምጣልኝ» አለችኝ። አራት አሳተምኩ። አንዱን ሳሎን ሰቅላዋለች፣ የምርቃቴን ፎቶ ወደ መኝታ ቤት አዛውራ። ጎረቤት ሲመጣ እየጠቆመች ታሳያለች።

ስለዚህ ይቺን ሌንስ ልግዛ ወይ ለሚለኝ ሰው፣ ያለ ምንም ማመንታት ግዛ እላለሁ። ሻጩ ዙም የላትም ሲልህ አውቃለሁ በለው። ሽጥልኝ ያለኝ ጓደኛዬ ሦስቴ ጠይቆኛል፣ ሦስቴም እምቢ ብያለሁ።

መስከረም 21 ለግሸን ማርያም ከእማዬ ጋር እንሄዳለን። መጀመሪያ ደሴ ታላቅ እህቷ ቤት እናድራለን። ትናንት ሻንጣዬን ሳዘገጃጅ አይታ «ያቺን ትንሿን እንዳትረሳት» አለችኝ። «እህቴም እንደ እኔ ናት፣ ፎቶ አይወጣላትም።»