እንደ አዲስ ከሚሸጡ ያገለገሉ የሰርቨር ሃርድ ዲስኮች ተጠንቀቁ

ለመሥሪያ ቤታችሁ ሰርቨር ሃርድ ዲስክ ልትገዙ ያሰባችሁ ሁሉ፣ ክፍያ ከመፈጸማችሁ በፊት ይህን እንድታነቡ በአክብሮት እጠይቃለሁ። የምሠራበት ቢሮ ለፋይል ሰርቨሩ ሲጌት የተባለው አምራች የሠራቸውን አራት ዲስኮች አዲስ አበባ ካለ አንድ ሻጭ «አዲስ፣ ያልተነካ» ተብሎ ገዝቶ ነበር። ዲስኮቹ በከረጢታቸው እንደታሸጉ ነበሩ፤ ስማርት የሚባለው፣ ዲስክ ስለ ራሱ ጤንነት የሚይዘው የተለመደ መረጃም የሥራ ሰዓታቸውን ዜሮ ያሳይ ነበር። ሆኖም የሲጌት ዲስኮች ፋርም የሚባል ሌላ የውስጥ መዝገብ ስላላቸው፣ ስማርትሞንቱልስ በተባለው ነጻ ፕሮግራም ብናየው አራቱም ከ20,000 ሰዓት በላይ የሠሩ ሆነው ተገኙ። አንድ ዓመት 8,760 ሰዓት ነውና ከሁለት ዓመት በላይ ያለ እረፍት አገልግለዋል ማለት ነው። የብሎን ማሰሪያ ቀዳዳዎቹ ጠርዝ ላይም ቀለሙ ተፍቆ ነበር።

ማጭበርበሩ በእኛ ገበያ ብቻ የሚታይ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ላይ ቆጣሪያቸው ወደ ዜሮ የተመለሰ የሲጌት ዲስኮች በጀርመንና በሌሎች የአውሮፓ አገሮች እንደ አዲስ ሲሸጡ ተደርሶባቸዋል፤ ብዙዎቹ ቺያ የተባለውን ዲጂታል ገንዘብ ለማምረት ሲያገለግሉ የቆዩ ሳይሆኑ አይቀሩም ተብሎ ተጠርጥሯል። ስለዚህ የምትገዙበት ነጋዴ ራሱ ተታሎ ሊሆን ይችላል።

ጉዳዩን ከዋጋ ልዩነት በላይ የሚያደርገው የሬይድ አሠራር ነው፤ ሬይድ ብዙ ዲስኮችን አቀናጅቶ አንዱ ቢበላሽም ዳታው እንዳይጠፋ የሚያደርግ ዘዴ ነው። ሬይድ 5 የአንድ ዲስክ፣ ሬይድ 6 ደግሞ የሁለት ዲስኮችን ብልሽት ይችላል፤ ይህ ጥበቃ የሚሠራው ግን ዲስኮቹ በተለያየ ጊዜ ሲበላሹ ነው። በአንድ ቦታ፣ በአንድ ዓይነት ሙቀትና ጫና ያረጁ ዲስኮች ተከታትለው ሊበላሹ ይችላሉ። በዚያ ላይ የተበላሸው በሌላ ሲተካ ሪቢልዱ፣ ማለትም ዳታውን በተተካው ዲስክ ላይ መልሶ የመገንባቱ ሥራ፣ የቀሩትን ዲስኮች ከዳር እስከ ዳር ያነባል፤ በትልልቅ ዲስኮች ይህ ከአንድ ቀን በላይ ሊወስድ ስለሚችል የተዳከመው ዲስክ የሚሰናከለው ብዙውን ጊዜ በዚሁ መሀል ነው። የከፈላችሁበት ጥበቃ በምትፈልጉት ሰዓት አይገኝም ማለት ነው።

ሬይዱ ከሚችለው ቁጥር በላይ ዲስኮች ከተበላሹ ሰርቨራችሁን ወዲያውኑ አጥፉት። ዲስኮቹ የነበሩበትን ቅደም ተከተል ከመለያ ቁጥራቸው ጋር መዝግቡ። ዲስኮቹን ኢኒሻላይዝ አታድርጉ (እንደ ባዶ ዲስክ እንደ አዲስ አታዘጋጁ)፣ አዲስ ሬይድም አትፍጠሩ፤ ይልቁንም ሊነበብ የሚችለውን እያንዳንዱን ዲስክ እንደ ዲዲሬስኪው ባለ የተጎዳ ዲስክ መገልበጫ ፕሮግራም ወደ ጤነኛ ዲስክ ገልብጣችሁ የማዳን ሙከራውን በቅጂው ላይ ብቻ አድርጉ። ዲስኩን ጠረጴዛ ላይ ፈትቼ እጠግነዋለሁ ለሚል ባለሙያ ፈጽሞ አትስጡ፤ በተራ ክፍል ውስጥ የሚገባ ብናኝ የቀረውንም ዳታ ያጠፋል።

በግዢ ጊዜ የመለያ ቁጥሩን በአምራቹ የዋስትና ገጽ ላይ አጣሩ፤ የፋርም መዝገቡ ንጹሕ መሆኑ ብቻውን አያስተማምንም። ያገለገለ ዲስክ መግዛት በራሱ ነውር የለበትም፤ ነገር ግን ያገለገለ መሆኑ ተነግሯችሁ፣ በዚያው ልክ ዋጋው ቀንሶ ይሁን። አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል፤ ይህን መብት ለመጠየቅ ግን ማስረጃ ያስፈልጋል። ደረሰኙ ላይ «አዲስ» የሚለው ቃልና የእያንዳንዱ ዲስክ መለያ ቁጥር እንዲጻፍ አድርጉ። እኛ ገንዘባችን የተመለሰልን ቁጥሮቹ ደረሰኙ ላይ ስለነበሩና ሻጩ ዲስኮቹ የእኔ አይደሉም ማለት ስላልቻለ ነው።