«ሰንሩፉም ይሸፈናል» ካሏችሁ ውሉን አምጡ በሏቸው

የመኪናችሁ ሰንሩፍ (ጣሪያው ላይ ያለው የሚከፈት መስታወት) ሲጥ ሲጥ ማለት ከጀመረና የፋብሪካው ዋስትና ሊያልቅ ከሆነ፣ «የተራዘመ ዋስትና ግዙ» የሚል ሰው መምጣቱ አይቀርም። ሳትከፍሉ በፊት ሙሉውን ውል ተቀበሉ። ብሮሹሩን አይደለም፣ ውሉን።

እኔ «የሰንሩፉ ድምፅ ይሸፈናል ወይ?» ብዬ ስጠይቅ ሻጩ «ወንድሜ፣ ሁሉም አለበት» አለኝ። ውሉን ካላየሁ አልፈርምም ስል ፊቱ ተለወጠ። ሲመጣ ለካ የሚሸፈነው ሰንሩፉን የሚከፍተው ትንሽ ሞተርና ማብሪያው ብቻ ነው። መስታወቱ የለም። ዙሪያውን ያለው ጎሚኒም የለም። ጭራሽ «የማይሸፈኑ» በሚለው ገጽ ላይ፣ በደቃቅ ፊደል፣ «መንኳኳት፣ ሲጥ ሲጥ ማለትና የነፋስ ድምፅ» ተብሎ ለብቻው ሰፍሯል። አብዛኛውን ጊዜ የሚጮኸው ደግሞ የደረቀ ጎሚኒ፣ መስታወቱ የሚንሸራተትበት ቅባት ያጣ ሀዲድ ወይም ቦታውን የሳተ መስታወት ነው። የምትከፍሉት ለማይጮኸው ዕቃ ነው ማለት ነው። ይሄ በቃ ሿሿ ነው።

የፋብሪካው ዋስትናም ወጥመድ አለው። 3 ዓመት ወይም 5 ዓመት ይሏችኋል፣ ግን አንዳንድ አምራቾች «ማስተካከያ» የሚሉትን ሥራ፣ ማለትም መስታወት ማስተካከልንና ድምፅ ማጥፋትን የመሰለውን፣ የሚሸፍኑት ለመጀመሪያው 12 ወር ብቻ ነው። ስለዚህ «ትንሽ ድምፅ ናት፣ ትቆይ» አትበሉ። ዛሬውኑ ውሰዱት።

ጋራዡ «ነዳነው፣ ምንም አልሰማንም» ቢላችሁ እንኳን ቅሬታችሁን ከቀንና ከኪሎ ሜትር ጋር አስጽፋችሁ ወረቀቱን ያዙ። ጊዜው ካለፈ በኋላ የሚያስከራክራችሁ እሱ ነው። ከተቻለ መካኒኩን አጠገባችሁ አስቀምጡና ድምፁ በሚሰማበት መንገድ ራሳችሁ ንዱ። ያኔ «አልሰማሁም» ማለት ይከብደዋል።

ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ነገር ሞክሩ። ኮረኮንች መንገድ ላይ በቀስታ እየሄዳችሁ፣ አጠገባችሁ ያለው ሰው ሰንሩፉን ጣት ያህል ይክፈተው። ድምፁ ከጠፋ ነገሩ መስታወቱና ጎሚኒው የሚነካኩበት ጋ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ካልጠፋ ሀዲዱን ወይም የውስጥ መጋረጃውን አስፈትሹ። (ሰንሩፉን ከፍታችሁ ስትፈጥኑ ጆሮ የሚደፍነው ጉምጉምታ ግን ብልሽት አይደለም፣ የኋላ መስኮት ትንሽ ዝቅ ስታደርጉ ይቀንሳል።)

እና እባካችሁ ጎሚኒውን ተራ ግሪስ የሚቀባላችሁን ሰው አስቁሙት። የነዳጅ ዘር ያለው ቅባት ጎሚኒ ያሳብጣል። ለጎሚኒ የሚሆነው የሲሊኮን ቅባት ነው።

ሻጩ አሁንም «እኔ እኮ ነገርኩህ፣ ይሸፈናል» ካለ፣ ያንኑ ቃል ውሉ ላይ ጽፎ ይፈርም። የኔው «አለቃዬን ላናግርና እደውላለሁ» ብሎ ወጣ። እስካሁን እያናገረ ነው መሰለኝ።