የሸሸው ጦረኛ፦ በግዳይ ይመለስ ወይስ በር በመጠበቅ?

የእህቴ ልጅ እዚሁ ሐረር ሆኖ ምናባዊ የጦርነት ታሪክ እየጻፈ ነው። ዋናው ገጸ ባሕርይ በውጊያ መሃል የከተማውን በር ጥሎ የሸሸ ጦረኛ ነው። ክብሩን በምን ይመልስ? ሁለት መንገድ ይዘን ስንከራከር ከረምን።

የእሱ ምርጫ ግዳይ ነው። ጦረኛው ብቻውን ወጥቶ የጠላትን አዝማች ይጥላል። ከዚያ ፉከራ፣ ሽለላ፣ እልልታ። ልብ ያሞቃል፣ አልክድም። ለውጊያ ትዕይንትም ይመቻል። ግን ጥሏቸው የሸሸው ሰዎችስ ምን አገኙ?

እኔ ወደዚያው በር ይመለስ እላለሁ። የሐረርን ግንብ ጀጎልን ያየ ሰው ይገባዋል። ግንቡን በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት አሚር ኑር ናቸው። ጥንት አምስት በሮች ነበሩት። ከሥሩም ጅብ የሚሾልክባቸው ቀዳዳዎች አሉ። እስቲ አስቡት፦ ከተማው ተኝቷል። ጦረኛው ኩታውን ተከናንቦ በሩ ሥር ቆሟል። ጅብ አጠገቡ ሾልኮ ያልፋል፤ እሱ ንቅንቅ አይልም። ሲነጋ ማገዶ የተሸከመች እናት ትመጣለች። ልጇ የሞተው እሱ የሸሸ ዕለት ነው። ቀና ብላ አታየውም። በማግስቱም፣ በሳምንቱም እንደዚያው። ከብዙ ወር በኋላ አንድ ጠዋት ሸክሟን አስተካክላ፣ "እንዴት አደርክ?" ትለዋለች። ይህን ሳስብ ሆዴ ይባባል። መቶ ፉከራ አይተካውም።

ልጁ ግን ገና አልተረታም። "አጎቴ፣ ቢያንስ ጎራዴውን ይያዝ" ይለኛል። በዚህስ ተስማምተናል።